ጎማ ከመቀየራችን በፊት ቀዳዳውን እናንብብ



ከግቢ ውጭ ተከራይተን ለምንኖር ብዙዎቻችን ሳይክል ማለት እግር ማለት ነው። ባሕር ዳር ሜዳማ ከተማ በመሆኗ ለሳይክል ትመቻለች። ከሰፈር ወደ ፔዳ፣ ከፔዳ ወደ ፖሊ፣ ዓርብ ደግሞ ለጁሙዓ ወደ መስጂድ በሳይክል ደርሰን እንመለሳለን። በየቀኑ ለባጃጅ ይወጣ የነበረው ብር ለፎቶ ኮፒና ለምሳ ይሆነናል።

ይህ ሁሉ ግን አንዲት እሾህ እስክትገባ ድረስ ነው። ለፈተና ልንወጣ ስንል ጎማውን ተኝቶ ያገኘንበት ጠዋት ብዙዎቻችን አለን። ከቤተ መጻሕፍት አምሽታ ስትወጣ ጎማዋ የተነፈሰባት እህታችን ደግሞ ጎሚስታው ሁሉ ዘግቶ፣ ሳይክሏን በጨለማ እየገፋች ነው ቤቷ የምትደርሰው። ስለዚህ ነገሩ የመለጠፊያ ብር ብቻ አይደለም፤ የሰዓት፣ የፈተና፣ አንዳንዴም የደህንነት ጉዳይ ነው።

ሳይክል የምንነዳ ልጆች እርስ በርስ ደጋግመን የምንጠያየቀው «የማይበሳ ጎማ የቱ ነው?» እያልን ነው። መልሱን ከመጀመሪያው እንናገር፦ አየር የሚሞላ ሆኖ ጨርሶ የማይበሳ ጎማ የለም። አጥብቆ የሚቋቋም ግን አለ። እርሱን በትክክል ለመምረጥ ደግሞ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት የምንሠራው ሥራ አለ፤ እስካሁን ምን ሲበሳን እንደነበር ማወቅ።

ስድስት ልጥፍ ያለው ካላማዳሪ

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ወንድማችን ጎማው በየጊዜው እየተነፈሰበት ተማረረ። መጀመሪያ የኋላውን ጎማ በአዲስ ቀየረ። ከሳምንት በኋላ ተነፈሰ። «ርካሽ ስለገዛሁ ነው» ብሎ ወፍራሙንና ውዱን ገዛ። እርሱም ተነፈሰ። የሚገዛው ከቤተሰብ ለወር ወጪ ከተላከለት ብር ላይ ቀንሶ ነበር።

በመጨረሻ አብረን ቁጭ ብለን ካላማዳሪውን አወጣንና ነፋነው፤ ልጥፎቹንም ቆጠርን። ስድስት ነበሩ። አምስቱ በውስጠኛው በኩል፣ ማለትም ወደ ቸርኬው በሚዞረው ጎን ላይ ናቸው። ከመንገድ የተነሣ እሾህ ደግሞ በዚያ በኩል ሊገባ አይችልም። ቸርኬውን ስንዳብሰው የሽቦዎቹን ጫፍ የሚሸፍነው የላስቲክ ጥብጣብ ተበጥሶ ወደ ጎን ሸሽቷል፤ ራቁቱን የቀረው የሽቦ ጫፍ ካላማዳሪውን ከውስጥ ይወጋዋል። ከአሮጌ ካላማዳሪ ጥብጣብ ቆርጠን ቸርኬውን ዙሪያውን አለበስነው። አልሐምዱሊላህ፣ በዚያው ተገላገለ። ሁለት ጎማ የተገዛለት ችግር የአንድ ቁራጭ ላስቲክ ችግር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማንኛችንም ጎማ ከመግዛታችን በፊት ቀዳዳውን ማንበብ ልማዳችን አድርገናል።

ቀዳዳ እንዴት ይነበባል?

ቀዳዳን ለማንበብ ካላማዳሪው በጎማው ውስጥ እንዴት ተቀምጦ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። ጎማ ስንገጥም በጎማው ጎን ላይ ያለውን የፋብሪካ ስም ሁልጊዜ ከቫልቩ ትይዩ እናድርገው። ሲበሳ ከቫልቩ እስከ ቀዳዳው ያለውን ርቀት እንለካና በጎማው ላይ ያንኑ ርቀት ሄደን የበሳውን ነገር እንፈልጋለን። ቀዳዳው በዓይን ካልታየ ካላማዳሪውን ነፍተን ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ስንነክረው አረፋው ቦታውን ያሳየናል።

አራት ዓይነት ቀዳዳዎችን መለየት ይበቃናል።

አንደኛው በውጭ በኩል፣ መሬት በሚነካው ጎን ላይ ያለ ነጠላ ቀዳዳ ነው። ይህ የእሾህ፣ የኩርንችት፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ የሚስማር ወይም ከከባድ መኪና ጎማ ተበጣጥሶ መንገድ ላይ የሚቀር ቀጭን ሽቦ ሥራ ነው። የተሻለ ጎማ በመግዛት የሚፈታው በዋናነት ይህኛው ነው።

ሁለተኛው ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ናቸው። የእባብ ንክሻ ይመስላሉ። የሚመጡት አየር ያነሰው ጎማ ኮብልስቶን ወይም የጉድጓድ ጠርዝ ሲመታ ነው፤ ካላማዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው ሁለት ጠርዞች መካከል ተቆንጥጦ ይቀደዳል። መድኃኒቱ አየር መሙላት ነው፤ ሰፋ ያለ ጎማም ይረዳል።

ሦስተኛው የወንድማችን ችግር ነው፤ በውስጠኛው በኩል፣ በሽቦ ጫፍ ትይዩ የሚገኝ ቀዳዳ። ይህ የቸርኬ ጥብጣብ ጉዳይ ስለሆነ ጎማ መቀየር ምንም አይጠቅመውም።

አራተኛው በቫልቩ ሥር ያለ ስንጥቅ ነው። አየር ያነሰው ጎማ በቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ካላማዳሪውን ሲጎትተው ወይም ስንነፋ ቫልቩን ወዲያ ወዲህ ስናንገላታው ይቀደዳል። እዚያ ቦታ ላይ ልጥፍ ስለማይይዝ ካላማዳሪውን መቀየር ግድ ይሆናል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ እሾሁ ጎማው ውስጥ ተሰክቶ እያለ ካላማዳሪውን ለጥፈን ብንመልሰው በማግሥቱ ያው ቦታ ላይ ይበሳል። ብዙ ጊዜ «ልጥፉ አልያዘም» ብለን ጎሚስታውን የምንወቅሰው በዚህ ምክንያት ነው። የጎማውን ውስጥ በቁራጭ ጨርቅ ዙሪያውን እንጥረገው፤ ጨርቁ የያዘበት ቦታ ላይ እሾህ ወይም ስባሪ አለ። ጣታችንን አንስደድ፣ ጠርሙስ ይቆርጠናል።

መከላከያው የት ነው ያለው?

ቀዳዳዎቹን አንብበን አብዛኞቹ የመጀመሪያው ዓይነት ሆነው ከተገኙ አሁን ስለ ጎማ ማውራት እንችላለን።

የሳይክል ጎማ በሦስት ነገሮች ይሠራል። አንደኛው ከናይለን ክር የተሠራው ጨርቅ ሲሆን የጎማው አካል ነው። ሁለተኛው ከጨርቁ በላይ የሚለበጠው ላስቲክ፣ ማለትም መሬት የሚነካው ጥርስ ነው። ሦስተኛው ቸርኬው ላይ የሚይዘው ጠርዝ ነው፤ በአብዛኛው ውስጡ የብረት ሽቦ አለበት። መበሳትን የሚቋቋም ጎማ ከእነዚህ ሌላ በጥርሱና በጨርቁ መካከል አንድ መከላከያ ንጣፍ ይጨመርበታል።

ይህ ንጣፍ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ጥብቅ ሆኖ የተሸመነ ጠንካራ ክር ነው። ከእነዚህ ታዋቂው ኬቭላር የሚባለው ነው፤ ስቴፋኒ ክዎሌክ የተባለች ኬሚስት በ1965 እ.ኤ.አ. ዱፖንት በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስትሠራ ያገኘችው ሲሆን ጥይት የሚከላከል ሰደርያም ይሠራበታል። ቀላልና ቀጭን ነው። ጠርሙስ እንዳይቆርጠው በደንብ ይከላከላል፤ መርፌ የመሰለ ቀጭን እሾህ ግን በክሮቹ መካከል ሾልኮ ሊገባ ይችላል።

ሁለተኛው ወፍራም የላስቲክ ንጣፍ ነው። ሥራው ቀላል ነው፤ እሾሁ ካላማዳሪው ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያልፈውን መንገድ ያረዝመዋል። ለምሳሌ ሽዋልቤ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ማራቶን ፕላስ በሚለው ጎማው ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ ያስገባል። ተሰክቶ የቀረ አጭር ስባሪ ካላማዳሪውን ሳይነካ እዚያው ንጣፉ ውስጥ ይቀራል። ጉዳቱ ክብደቱ ነው፤ ጎማው ይከብዳል፣ ሲነዱትም ትንሽ ይደርቃል። እንደኛ በሜዳ ከተማ ለሚመላለስ ሰው ይህ ብዙም አያስመርርም፤ ቀርፎ ከመግፋት ዝግ ብሎ መድረስ ይሻላል።

ይሁን እንጂ ራሳችንን አናታልል። የግራር እሾህ ርዝመቱ በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር ነው። ቀጥ ብሎ ከቆመና ከረገጥነው የትኛውንም ንጣፍ ያልፋል። ጥሩ ጎማ የሚያደርገው ስንቶቹ እንደሚያልፉ መቀነስ ነው።

ሱቅ ስንገባ

የመጀመሪያው ጥያቄ ልክ ነው። በጎማው ጎን ላይ በኢንች የተጻፈው ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። «26» የሚል ጎማ ሁሉ «26» የሚል ቸርኬ ላይ አይገባም። 26 × 1.95 የተራራ ሳይክል ጎማ ነው፤ 26 × 1 3/8 ደግሞ ሌላ ነው፣ የቸርኬው ዲያሜትር ይለያያል። ስለዚህ ከኢንቹ ቀጥሎ በትንሹ የተጻፈውን ባለ አምስት አኃዝ ቁጥር እንፈልግ። 50-559 የሚል ከሆነ 50 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 559 ደግሞ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች ካለን ጎማ ጋር አንድ መሆን አለባቸው። 26 × 1 3/8 590 ነው፤ 28 × 1 1/2 የሚባለው የድሮው ረጅም ሳይክል 635 ነው፤ 700 ተብሎ የሚጻፈው 622 ነው። ይህን ቁጥር ስልካችን ላይ ጽፈን እንያዝ። ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ሲለንም የምንነግረው ይህንኑ ነው፤ «የ26 ጎማ» ብለን የማይገባ ጎማ ከሩቅ አገር እንዳናስሸክመው።

ሁለተኛው ስፋቱ ነው። ፍሬኑና ሹካው የሚያሳልፉት ከሆነ ሰፋ ያለው ጎማ ለኮብልስቶናችን ይሻላል። በዝቅተኛ አየር ስለሚሠራ ለወገባችንም ይመቻል፣ የእባብ ንክሻውንም ይቀንሳል። ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ያለው ለከተማ በቂ ነው። ከመግዛታችን በፊት ግን አሁን ያለው ጎማ በግራና በቀኝ ከሹካው ምን ያህል እንደሚርቅ እንይ።

ሦስተኛው ጽሑፉ ነው። መከላከያ ንጣፍ እንዳለው የሚገልጽ ጽሑፍ አለው ወይ? ካለው፣ ስለ የትኛው ክፍል ነው የሚያወራው? አንዳንድ ጎማ ላይ «ኬቭላር» ወይም «አራሚድ» ተብሎ የሚጻፈው በጠርዙ ውስጥ ከብረት ሽቦ ይልቅ ክር ስላለ ብቻ ነው። ያ ጎማውን ተጣጣፊና ቀላል ያደርገዋል እንጂ ከእሾህ አያድነውም። በአንድ ኢንች ውስጥ ያለውን የክር ብዛት የሚገልጸውም ቁጥር እንዲሁ ነው። ቁጥሩ ሲበዛ ክሩ እየቀጠነ፣ ጎማው እየለሰለሰ ይሄዳል፤ «ከፍተኛ ቁጥር ያለው አይበሳም» ማለት አይደለም።

ጽሑፍ ከሌለው በእጃችን እንመርምር። የጎማውን መሬት የሚነካውን ክፍልና ጎኑን ተራ በተራ በሁለት ጣት ቆንጥጠን እናወዳድር። ንጣፍ ያለው ጎማ መሐሉ ከጎኑ በግልጽ ይወፍራል። በትላልቆቹ ጥርሶች አንታለል፤ እሾህ የሚገባው በጥርሶቹ መካከል ባለው ቀጭን ቦታ ነው። አብዛኛው መንገዳችን አስፋልትና ኮብልስቶን ከሆነ መሐሉ ድፍን፣ ጎኑ ላይ ብቻ ጥርስ ያለው ጎማ ይሻለናል። በክረምት ጭቃ ያለበት መንገድ የሚመላለስ ግን ጥርስ ያስፈልገዋል።

አራተኛው ዕድሜው ነው። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል። ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጎማ ጎኑን ስናጥፈው ጥቃቅን ስንጥቆች ያሳየናል። እንዲህ ያለውን ዋጋ ቢቀንሱልንም እንተወው።

ለአንድ ጎማ ብቻ ብር ካለን

ሁለቱንም መቀየር የማይችል ተማሪ የተሻለውን ጎማ የት ያድርገው? አብዛኛው ክብደታችን የሚያርፈው ከኋላ ነው፤ ቦርሳችንም ከኋላ ነው። የኋላው ቶሎ ያልቃል፣ ቶሎም ይበሳል። ስለዚህ ንጣፍ ያለውን ጎማ ከኋላ ማድረግ ያዋጣል። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ጥርሱ ያለቀ ወይም የተሰነጠቀ ጎማ ከፊት አይቀመጥም። የኋላው በድንገት ሲተነፍስ ሳይክሉ ይጎተታል፤ የፊቱ ሲተነፍስ ግን መሪው ይጠፋናል፣ በባጃጆች መካከል ደግሞ ያ ከባድ ነው።

ያለቀ ጎማ ምልክቱ ቀላል ነው። መሐሉ ክብነቱን ትቶ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ወይም የውስጡ ክር መታየት ይጀምራል። ቀድሞ በወር አንዴ ይበሳ የነበረው በሳምንት ሁለቴ መበሳት ከጀመረ እሾሁ አልበዛም፤ ላስቲኩ ሳስቷል።

ስለ ጎሚስታው ዘዴዎች

አዲስ ጎማ መግዛት ካልቻልን ጎሚስታዎቻችን የሚያውቁት ዘዴ አለ፤ የአሮጌ ጎማን ጠርዝና ጎን ቆርጦ ጥሎ መሐሉን እንደ ቀበቶ ጎማው ውስጥ ማንጠፍ። በእርግጥ ይሠራል። ይከብዳል፣ ግን እሾህ ያስቆማል። ችግሩ የቀበቶው ጠርዝና ጫፍ ካላማዳሪውን እየፈተገ ራሱ ሊበሳው መቻሉ ነው። ስለዚህ ጠርዙ በቢላ እንዲሳሳ፣ ሁለቱ ጫፎች የሚገናኙበትም ቦታ በአሮጌ ካላማዳሪ ቁራጭ እንዲሸፈን እንጠይቅ።

ካላማዳሪ ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽም አለ። ጎማው ሲበሳ ወደ ቀዳዳው ፈስሶ ይደፍነዋል። ለእሾህ ቀዳዳ ጥሩ ነው፤ ለሰፊ ቁራጭ ግን አይሆንም። ከወራት በኋላ ይደርቃል፤ በኋላ መለጠፍ ካስፈለገም ፈሳሹ ቀዳዳውን ስለሚያረጥበው ልጥፍ እንዳይይዝ ያስቸግራል። አየር የሌለው ድፍን ጎማ ደግሞ በእርግጥም አይበሳም፤ ነገር ግን ከባድ ነው፣ የኮብልስቶኑን ምት ሁሉ ለቸርኬውና ለወገባችን ያስተላልፋል። ለዕለት ምልልስ አንመርጠውም።

ነጻ የሆነው መከላከያ

ከሁሉ የሚረክሰው መከላከያ አየር ነው። ካላማዳሪ ሳይበሳም ቀስ በቀስ አየር ይቀንሳል፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን መንፋት ያስፈልጋል። እኛ ዓርብ ጠዋት ብለን ወስነናል፤ ለጁሙዓ ስንዘጋጅ ሳይክሉም ይዘጋጃል። ስንት እንሙላ? በጎማው ጎን ላይ በፒ ኤስ አይ ወይም በባር ተጽፏል፤ 1 ባር ወደ 14.5 ፒ ኤስ አይ ነው። ከተጻፈው ከፍተኛ ቁጥር አንለፍ፣ ከዝቅተኛውም አንውረድ። ከባድ ሰው ወይም ጭነት ያለው ወደ ላይኛው ይጠጋ። መለኪያ ከሌለን ሳይክሉ ላይ ተቀምጠን ወደ ታች እንይ፤ የኋላው ጎማ በግልጽ ተዘርግቶ ከተኛ አየር አንሶታል።

በዚያው አጋጣሚ ጎማውን ቀስ ብለን አዙረን ዙሪያውን እንየው። እሾህና ስባሪ ብዙውን ጊዜ ወዲያው አይገባም፤ ላስቲኩ ላይ ተሰክቶ በየዙሩ እየተገፋ ነው ካላማዳሪው ጋ የሚደርሰው። ዓርብ የነቀልናት ስባሪ ሰኞ የምትበሳን ነበረች። በክረምት ይህን ማየት እናብዛው፤ ጎርፉ ስባሪውን ሁሉ ወደ መንገዱ ዳር ያመጣዋል፣ እርጥብ ላስቲክም ለጠርሙስ በቀላሉ ይቆረጣል።

ቦርሳችን ውስጥ ደግሞ አንድ ትርፍ ካላማዳሪ፣ ጎማ ማውለቂያ፣ ትንሽ መንፊያና ቁራጭ ጨርቅ ይኑር። መንገድ ላይ በጨለማ ከመለጠፍ ካላማዳሪውን ቀይሮ ቤት ገብቶ በብርሃን መለጠፍ ይቀላል። ያልለመዳችሁ እህትና ወንድሞች ካላችሁ ፈተና ሳይደርስ፣ ጎማው በደኅና እያለ ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ፈታችሁ ግጠሙት። የመጀመሪያው ሙከራ ከመግሪብ በኋላ በአስፋልት ዳር መሆን የለበትም።

በመጨረሻ፦ ጎማችንን የበሳውን ነቅለን መንገዱ ላይ መልሰን የምንጥል አለን። እኛን የበሳችው እሾህ ከኋላችን የሚመጣውን ትጠብቃለች። ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ስባሪዋን በወረቀት ጠቅልለን ቦርሳችን ውስጥ ከተን ቆሻሻ መጣያ እስክናገኝ እንያዛት። ጎማ የሌለው ተማሪ እንኳ ይህን ማድረግ ይችላል።